ድንዛዜው የት ጀምሮ የት ያቆማል? ከክርኔ ነርቭ የተማርኩት

እጅ ወይም እግር ሲደነዝዝ ብዙዎቻችን አንድ ነገር ነው የምንለው፦ «ነርቭ ነው»። ሐኪም ፊት ስንቀርብም ያንኑ እንደግማለን። ነርቭ ግን ብዙ ነው። እያንዳንዱ የሚሰማበት የራሱ ቆዳ አለው፤ የሚያንቀሳቅሰው የራሱ ጡንቻም አለው። ስለዚህ ድንዛዜው የት ጀምሮ የት እንደሚያቆም፣ የትኛው እንቅስቃሴ እንደከበደው ለይቶ የሚናገር ሰው የምርመራውን ግማሽ ጨርሶ ገባ ማለት ነው። እኔ ዘንድ ይህ እውቀት ዘግይቶ ደረሰ። ሌላው ሰው እንዳይዘገይ ብዬ ነው የምጽፈው።

ደሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። እንጀራዬ በእጄ ነው። መጀመሪያ የመጣው የቀኝ እጄ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቴ መጠዝጠዝ ነበር። ክረምት ነበርና ሁሉም ሰው ብርድ ነው አለኝ። የደሴን ብርድ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ጓንት አጠለቅሁ፣ በቅባት አሸሁት። ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ሲወጣ ግን መጠዝጠዙ ወደ ድንዛዜ ተለወጠ።

ከዚያ የቫይታሚን መርፌ ተጀመረ። በእኛ አገር እጅ ደነዘዘ ያለ ሰው ቢ ቫይታሚን ሳይወጋ አይቀርም። ቫይታሚኑ በራሱ ክፉ አይደለም። የቢ12 እጥረት ያለበትን ሰው፣ ለሳንባ ነቀርሳ አይሶናያዚድ የሚወስደውንና ቢ6 የሚያስፈልገውን ሰው በእውነት ይጠቅማል። ችግሩ ሳይመረመሩ መወጋት ነው። መርፌው «እየታከምኩ ነው» የሚል እርጋታ ይሰጣል፤ በዚያ እርጋታ ውስጥ ነርቩ መጎዳቱን ይቀጥላል። ወጌሻም ዘንድ ሄጃለሁ። ክርኔን አጥብቆ ሲያሸኝ እስከ ጣቴ ድረስ እሳት ወረደ። ያበጠ ነርቭ መታሸት እንደሌለበት ያን ጊዜ የነገረኝ አልነበረም። ቀጥሎ አንድ ክሊኒክ የአንገት ራጅ አነሳኝና «ዲስክ ሊሆን ይችላል» ተባልኩ። የማስታገሻ ክኒን ይዤ ተመለስኩ።

በዚሁ መሃል ከትከሻዬ ጀርባ ነጣ ያለ ነገር ወጥቶ ነበር። ያየችው ባለቤቴ ናት። አያሳክክም፣ አያምም። መድኃኒት ቤት ስጠይቅ ጭርት ነው ተብዬ ቅባት ተሰጠኝ። ቅባቱ አላጠፋውም፤ ስለማያስቸግረኝ ተውኩት። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡኝ። ስለ ቆዳዬ ለአንዱ ነገርኩ፣ ስለ እጄ ለሌላው። ሁለቱን አንድ ላይ የሰማ ማንም አልነበረም። እጃችሁ ደንዝዞ ቆዳችሁ ላይ አዲስ ነገር ካለ፣ ባይጠየቅም፣ የማይገናኝ ቢመስልም አብራችሁ ተናገሩ።

ነገሩን የገለጠው ካውያ ነው። ሱሪ ስተኩስ አንዲት ደንበኛዬ «ኧረ እጅህ!» ብላ ጮኸች። የትንሿ ጣቴ ጎን ካውያው ላይ ተጣብቋል። ሽታው ቀድሞ ደረሰኝ፤ ሕመሙ ግን አልመጣም። ውሃ ቋጥሮ ሲያብጥ እንኳ ምንም አልተሰማኝም። ያን ቀን ነው እውነተኛ ፍርሃት የገባኝ። ሕመም የሌለው ቃጠሎ ያየ ሰው አንድ ቀን ማደር የለበትም።

ቁስሉን ላሳጥብ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ቁስሉን ያየችው ወጣት የጤና መኮንን ነበረች። «ጋሼ፣ አላመመዎትም?» አለችኝ። አላመመኝም ስላት የያዘችውን ፋሻ አስቀመጠችና ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን በዝርዝር እነግራችኋለሁ። ውድ መሣሪያ አልነበረም፤ ጥጥ፣ እስክሪብቶና ወረቀት ብቻ ነው።

ዓይኔን እንድጨፍን ነገረችኝ። የጥጥ ጫፍ አሹላ እጄን በቀስታ ትነካለች፤ እኔ የተነካሁበትን በግራ እጄ አሳያለሁ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣት፣ ሁሉንም አሳየኋት። ከዚያ ዝም አለች። ጨርሳለች ብዬ ዓይኔን ስገልጥ ጥጡ ትንሿ ጣቴ ላይ ነው። ደጋግማ ከሞከረች በኋላ የሚሰማውንና የማይሰማውን በእስክሪብቶ ለየችው። መስመሩ የቀለበት ጣቴን ለሁለት ከፈለው። በመሃል ጣት በኩል ያለው ግማሹ ይሰማል፤ በትንሿ ጣት በኩል ያለው አይሰማም። ድንዛዜው በመዳፌም በእጄ ጀርባም ወርዶ አንጓዬ አካባቢ ያቆማል። «ከአንገት የመጣ ቢሆን ክንድዎም በውስጥ በኩል ይደነዝዝ ነበር፤ የእርስዎ ክንድ ደህና ነው» አለችኝ። የቀለበት ጣትን ለሁለት የሚከፍለው በክርን ጀርባ የሚያልፈው ነርቭ ነው። ኡልናር ይሉታል። ክርናችንን ስንመታ ጣታችንን እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝረን እሱ ነው።

ቀጥሎ ወረቀት በአውራ ጣትና በሌባ ጣቴ መካከል አስያዘችኝና ሳበችው። ግራ እጄ አልለቀቀም። የቀኙ አውራ ጣት ግን ከመገጣጠሚያው እጥፍ አለና ወረቀቱ ሾልኮ ወጣ። ጨርቅ ስይዝ አውራ ጣቴ እንዲህ ሲታጠፍ ከረመ፤ የድካም ይመስለኝ ነበር። አውራ ጣትን ወደ ሌባ ጣት የሚያስጠጋው ጡንቻ የኡልናር ነው። እሱ ሲደክም ሌላ ነርቭ የሚያዘው ጡንቻ አውራ ጣትን አጥፎ ሊረዳው ይሞክራል። በሁለቱ ጣቶች መካከል ያለው ሥጋዬም ጎድጉዶ ነበር። ያንን ያየሁት እሷ ሁለቱን እጄን ጎን ለጎን ስታስቀምጥ ነው። ሁለቱን ጎን አወዳድሩ፤ ለብቻው ሲታይ ደህና የሚመስል እጅ ከጓደኛው አጠገብ ሲሆን ጉድለቱ ይታያል።

በመጨረሻ ክርኔን አጥፋ ከጀርባው ባለው ጎድጓዳ በጣቷ ፈለገች። ነርቩ ከቆዳዬ ስር እንደ ሲባጎ ይንከባለላል። በግራው እንዲህ አይገኝም። «ቆዳዎ ላይ የማያሳክክ፣ የማያልብ፣ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ነገር አለ?» ስትለኝ ስለ ትከሻዬ ነገርኳት። ሸሚዜን አውልቄ በጥጡ ስትነካው አልሰማሁም። እግሬንም አየችው። የግራ እግሬ ጀርባ በከፊል ደንዝዟል፤ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ማንሳት ከብዶታል። ከጉልበቴ በታች በውጭ በኩል ያለው ነርቭም ወፍሯል። በመዶሻ ጉልበቴን ስትመታው ግን እግሬ ደህና አድርጎ ዘለለ።

የሥጋ ደዌ ነበር።

ለምን እንዲህ ተበታትኖ ቀኝ ክርን፣ ግራ ጉልበት፣ ትከሻ እንደሆነ ቆይቼ ገባኝ። ባክቴሪያው የሰውነታችንን ቀዝቃዛ ክፍል ይመርጣል። ስለዚህ ነርቮች ለቆዳ ቀርበው የሚያልፉበትን ቦታ ነው የሚያጠቃው፦ የክርን ጀርባ፣ የእጅ አንጓ፣ የጉልበት ውጪያዊ ጎን፣ የቁርጭምጭሚት ውስጣዊ ጎን፣ ፊት። ጥልቀት ያላቸውን ይተዋቸዋል። ለዚህ ነው የመዶሻው ምርመራ ደህና የሆነው። የማይሰማ የቆዳ ምልክትና የወፈረ ነርቭ አንድ ላይ ሲገኙ ሐኪሙ ሌላ ነገር ከማሰቡ በፊት ይህን በሽታ ማሰብ አለበት።

በሽታዬን ካወቅሁ ወዲህ የሌሎችንም ድንዛዜ ማዳመጥ ልማዴ ሆኗል። ሱቄ የሚመጣ ሰው «እጄ ደነዘዘ» ካለ የት እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ሐኪም ስላልሆንኩ ስም አልሰጠውም። የሚነግረውን አስተካክሎ እንዲነግር ግን እረዳዋለሁ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሃል ጣቱ የሚደነዝዝ፣ ሌሊት ከእንቅልፉ ነቅቶ እጁን የሚያራግፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ነርቩ የተጨነቀው አንጓው ላይ ነው። ሲያቦኩ፣ ሲፈትሉ፣ ሲያጥቡ በሚውሉ ሴቶች እጅ ይህን ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ወንበር መደገፊያ ላይ ክንዱን አንጠልጥሎ ተኝቶ ጠዋት አንጓው የወደቀበትና ቀና አልል ያለው ሰው ሌላ ነው፤ የእሱ ነርቭ የተጫነው ላይኛው ክንዱ ላይ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ይመለሳል። አረም ሲያርም ወይም ሲያጭድ ቁጢጥ ብሎ ውሎ ሲነሳ የእግሩ ፊት እየወደቀ መሬት የሚጠርግ ገበሬ ደግሞ አለ። ቁጢጥ ማለት በጉልበት ጎን ያለውን ነርቭ ይጫነዋል። ይህን ሰው ከወገብ ዲስክ ለመለየት ሐኪሙ እግሩን ወደ ውስጥ እንዲያዞር ይጠይቀዋል። ወደ ላይ ማንሳት አቅቶት ወደ ውስጥ ማዞር በደንብ ከቻለ ችግሩ ጉልበቱ ጎን ነው። ሁለቱም ከደከሙ ወገብ ይጠረጠራል።

ስኳር ያለበት ሰው ድንዛዜ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ተነጥሎ አይመጣም። ከሁለቱም እግር ጣቶች እኩል ይጀምርና ካልሲ በሚለበስበት መጠን ቀስ እያለ ይወጣል። ጉልበት አካባቢ ሲደርስ የእጅ ጣቶችም ይጀምራቸዋል። እንዲህ ያለ ድንዛዜ ሲገጥማችሁ ስኳራችሁን ተለኩ።

የወሎ ሰው ሊለየው የሚገባ ሌላም አለ። ጓያ አብዝቶ የተበላበት ክፉ ዘመን ያለፈበት ቤተሰብ ያውቀዋል። ጓያ የሰበረው ሰው ሁለት እግሩ ይደርቃል፣ ይገታል፣ በጣቱ ጫፍ ይራመዳል። ቆዳው ግን አይደነዝዝም። ጉዳቱ እጅና እግር ውስጥ ካሉት ነርቮች ሳይሆን ከዚያ በላይ፣ ከአንጎል ወደ ጡንቻ ትዕዛዝ በሚያወርዱት ላይ ነው። የመዶሻው ምርመራ በእሱ ከመጠን በላይ ይዘላል። ድንዛዜ የሌለው ድርቅታና ድርቅታ የሌለው ድንዛዜ በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱን በሌላው መድኃኒት ማከም አይቻልም።

አንድ ነገር ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። ሁለቱም እግር በጥቂት ቀናት ውስጥ እየዛለ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ፣ በተለይ ከተቅማጥ ወይም ከጉንፋን በኋላ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ። መተንፈሻ ጡንቻ ላይ ሊደርስ ይችላል። በድንገት የአካል አንድ ጎን ከፊት ጋር አብሮ ከዛለም ነገሩ የአንጎል ነው፤ ሰዓት አይሰጥም።

ወደ ራሴ ልመለስ። የጤና መኮንኗ ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ላከችኝ። የቦሩ ሜዳን ስም ብዙ ሰው በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ዘመን በተደረገው ጉባኤ ያውቀዋል። እኛ ዘንድ ግን የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ቦታ በመሆን ነው የኖረው። ያ ስም ራሱ አስፈርቶኝ ነበር። መኪና ላይ የማውቀው ሰው ቢያየኝ ብዬ ነጠላዬን ተከናንቤ ነው የሄድኩት። ፍርሃቱ የቆመው አንድ አዛውንት ታካሚ ወረፋ ላይ አጠገቤ ተቀምጠው «አብሽር ልጄ፣ በጊዜ መጥተሃል። እኔ እንደ አንተ በጊዜ አልመጣሁም» ሲሉኝ ነው። ጣቶቻቸውን ነጠላቸው ውስጥ አልደበቋቸውም።

እዚያ ከጆሮዬ ጫፍና ከትከሻዬ ቆዳ ትንሽ ጭረው ናሙና ወሰዱ። የእጄንና የእግሬን ስሜት በቀጭን ናይለን ክር ነጥብ በነጥብ ፈትሸው ሥዕል ላይ መዘገቡ። ነርቭ ስለተነካ የ12 ወር ሕክምና ተጀመረልኝ። ሦስት መድኃኒት ነው፦ ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን። ክፍያ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚያቀርበው መድኃኒት ነው። በወር አንድ ጊዜ ጤና ባለሙያ ፊት የሚዋጥ አለ፤ የቀረው በየቀኑ ቤት ይዋጣል። ሪፋምፒሲን ሽንትን ቀይ ያደርጋል፣ አትደንግጡ። ክሎፋዚሚን ቆዳን ያጠቁራል፤ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ቀስ እያለ ይለቃል። ከዳፕሶን በኋላ ግን መላ አካላችሁ ሽፍ ካለ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ መድኃኒቱን አቁማችሁ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ተመለሱ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ከዚህ በኋላ ነው። መድኃኒቱን ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ቆይቶ የትከሻዬ ምልክት ቀልቶ አበጠ። ክርኔ ጋለ፤ ሲነካ አያስችልም። ደህና የነበረው መቀስ የመያዝ አቅሜ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወረደ። ጎረቤት «መድኃኒቱ እየመረዘህ ነው፣ ተወው» አለኝ። ይህ ሪአክሽን ይባላል። የራሳችን የመከላከያ አቅም ነርቩ ውስጥ ካለው ባክቴሪያ ጋር ሲዋጋ የሚመጣ እብጠት ነው። ነርቭን የሚገድለው በአብዛኛው ይህ እብጠት ነው። መድኃኒቱን ማቆም አይገባም፤ በፍጥነት መመለስ ነው የሚገባው። እኔ በማግሥቱ ሄድኩ። ፕሬድኒሶሎን የሚባል እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት ተጨመረልኝ፤ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ የሚወሰድ ነው። ከመጀመሩ በፊት ስኳርና ሳንባ ታየ፣ የሆድ ትላትል መድኃኒትም ተሰጠኝ። ፕሬድኒሶሎንን ተሻለኝ ብሎ በአንድ ጊዜ ማቆም አደገኛ ነው። የነርቭ ጉዳት ስድስት ወር ሳይሞላው በዚህ ሕክምና ከተያዘ የመመለስ ዕድሉ ጥሩ ነው፤ ከቆየ ግን እየጠበበ ይሄዳል። የእግሬ ድክመት አዲስ ስለነበር ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። የእጄ በከፊል ነው። ትንሿ ጣቴ ዛሬም ጠርዙ ላይ አይሰማም፤ አውራ ጣቴ ግን ጨርቅ ይይዛል።

የማይሰማ ቆዳ ያለው ሰው ዓይኑን የስሜቱ ምትክ ማድረግ አለበት። ማታ ማታ እጄንና እግሬን በብርሃን አገላብጬ አያለሁ። ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፌ ሳይደርቅ ቫዝሊን እቀባለሁ፤ ላብ የማያመነጭ ቆዳ ይሰነጠቃልና። የውሃውን ሙቀት በደነዘዘው እጅ አትለኩ፤ ስሜት ያለው ሌላ ሰው ይለካላችሁ። የካውያዬን እጀታ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ፤ ሱሪውን የሚያስተካክለው ግራ እጄ ነው። ጫማ ከመልበሴ በፊት አራግፈዋለሁ፣ ውስጡን በእጄ እዳስሳለሁ። ዓይናችሁን መክደን ካቃታችሁ ወይም ዓይናችሁ ቀልቶ ካመማችሁ ግን ይህ የቤት ጉዳይ አይደለም፤ ወዲያውኑ ታዩ። ጣታቸው ታጥፎ ለቀረባቸው ደግሞ አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል የጅማት ማዘዋወር ቀዶ ሕክምና ሲሠራ የኖረ ቦታ ነው፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

የሥጋ ደዌ በዘር ይወርዳል የሚባለውን አትስሙ። በሽታው የሚመጣው የኖርዌዩ ሐኪም ሃንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. ባገኘው ባክቴሪያ ነው። አብዛኛው ሰው ቢጋለጥ እንኳ ሰውነቱ ይቋቋመዋል። ሕክምና የጀመረ ሰው ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል። አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ ልጅ ማቀፍ አይከለከልም። ጠበልም ዱዓም ቢሆን ከክኒኑ ጋር አይጣላም። እኛ ቤት ሁለቱም ነበሩ፤ ቄሱም ሼሁም መድኃኒትህን እንዳትተው ነው ያሉኝ።

ባለቤቴን ስለ በሽታው መንገር ከሁሉ ከባዱ ነበር። ነገርኳት። በሳምንቱ እሷንና ልጆቹን ይዤ ቦሩ ሜዳ ሄድኩ። በሽታው ለመውጣት ዓመታት ሊወስድ ስለሚችል አብሮ የኖረ ሁሉ መታየት አለበት። ምልክት ለሌላቸው አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ ሪፋምፒሲን እንዲሰጥ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. መክሯል፤ ባለሙያውን ጠይቁት። የእኔዎቹ ቆዳቸው ከራስ እስከ እግር ታየ፣ ክርናቸው ተዳሰሰ፣ በጥጥ ተነኩ። ትንሿ ልጄ ጥጡ ሲነካት እየሳቀች ስታስቸግር ባለሙያዋ «የሚኮረኩራት ከሆነ ደህና ናት» አለችን። አሁን በየዓመቱ እናስመረምራቸዋለን።